ደጋ ላይ የሚሠራ፣ ቆላ ላይ የሚያኮርፍ ኤሲ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ወሎ የሚወርድ ቤተሰብ ጣርማ በርን ሲያልፍ የሚሆነውን መንገዱን የለመደ ሁሉ ያውቀዋል። ደብረ ብርሃን ላይ ጋቢ ለብሶ የነበረው ሰው ደብረ ሲና ቆሎ ሲገዛ ጋቢውን አጣጥፎ ጭኑ ላይ ያኖረዋል። አርማንያ ላይ ልጆች ሹራባቸውን ያወልቃሉ። ሸዋሮቢት ሲደረስ መስኮቱ ሁሉ ተከፍቶም የሚገባው ነፋስ ከምጣድ ሥር የወጣ ይመስላል። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው በር 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ወደምትገኘው ከተማ የሚወረደው ከሁለት ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ነው።

የእኛ ኮሮላ እ.ኤ.አ. በ1996 የተሠራች ናት። «አሮጌ መኪና ይዘህ ምን ትሆናለህ?» የሚለኝ ዘመድ አላጣሁም። ነገር ግን በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ቀረጥ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ እንደ ብዙዎቻችሁ እኔም ያለችውን እየጠገንኩ እነዳለሁ። ሞተሯ ደህና ነው፣ ጎማዋም ደህና ነው። ለሁለት ዓመት ያስቸገረን ኤሲዋ ነው። ፈጽሞ ቢበላሽ ኖሮ ይሻል ነበር። እሱ ግን አንዴ ይሠራል፣ አንዴ ይተዋል።

እናቴ የምትኖረው አጣዬ ነው። ሰባ ስድስት ዓመቷ ነው፤ የደም ግፊት አለባት፤ ከምትወስዳቸው ክኒኖች አንዱ ሽንት የሚያበዛ ነው። በየሦስት ወሩ ለምርመራ አዲስ አበባ አመጣታለሁ። ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ ከአጣዬ ተነሣን፤ እሷ ከኋላ ከአራት ዓመቷ የልጅ ልጇ ጋር ተቀምጣለች። ሰንበቴ እስክንደርስ ኤሲው እንደ ምንጭ ውኃ ይቀዘቅዛል። ሰንበቴን አልፈን ጀውሃ ስንቃረብ ነፋሱ ሞቀ። ቁልፉን አጠፋሁ፣ አበራሁ፣ ለውጥ የለም። መስኮት ከፈትን። እናቴ ወሬዋን አቆመች። በመስታወት ሳያት ዓይኗን ጨፍናለች፤ ስጠራት ዘግይታ ነው የመለሰችልኝ። ዛፍ ሥር አቁመን ውኃ አጠጣናት፣ ነጠላዋን በውኃ አርሰን አንገቷ ላይ አደረግንላት። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይታ «ደህና ነኝ፣ ዞር አደረገኝ እንጂ» አለች። ሕፃኗ ግን ማልቀሷን አላቆመችም።

ከዚያ ደብረ ሲና ላይ፣ ማንም ሳይፈልገው፣ ኤሲው ራሱ ተመልሶ ይቀዘቅዝ ጀመር። እናቴ ያን ጊዜ ያለችው እስከ ዛሬ ያሥቀኛል፦ «ደገኛ ነው ልጄ፤ ቆላ አይስማማውም።»

አዲስ አበባ ጋራዥ ስወስዳት ሠራተኛው ሞተር አስነሥቶ እጁን ነፋሱ ላይ አድርጎ «ጋሼ፣ ይኸው በረዶ አይደል እንዴ?» አለኝ። ቆላ ላይ እንደሚያቆም ስነግረው «እንግዲያው ጋዝ ጎድሎት ይሆናል» ብሎ ሞላ። በሚቀጥለው ጉዞ ያው ሆነ። ሌላ ጋራዥ ሄድኩ፤ እነሱም ሞሉ። ሦስተኛው እንዲሁ። ሦስቱም አላታለሉኝም ብዬ አምናለሁ። ችግራቸው መኪናዋን ያዩዋት ደህና በሆነችበት ሰዓት መሆኑ ነው። ትኩሳቱ ሌሊት ሌሊት የሚነሣበትን ልጅ ጠዋት ሐኪም ጋ ቢወስዱት «ደህና ነው» መባሉ አይቀርም። ሐኪም በዚህ ጊዜ «በስንት ሰዓት ነው የሚነሣበት? ስንት ሰዓት ይቆያል? ያልበዋል?» እያለ እናቱን ይጠይቃል። የኤሲም ነገር ይኸው ነው፤ መልሱ ያለው ከመካኒኩ ዘንድ ሳይሆን መኪናው ውስጥ ከተቀመጠው ቤተሰብ ዘንድ ነው።

የሚጠየቀውን ለማወቅ ግን ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ጥቂት መረዳት ይጠቅማል። የቆላ ሰው ውኃ ለማቀዝቀዝ ጀሪካኑን በእርጥብ ጆንያ ይጠመጥመዋል። ከጆንያው ላይ ውኃው ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል፤ ጀሪካኑ ይቀዘቅዛል። የመኪና ኤሲም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ የሚተነው ግን ውኃ ሳይሆን በቱቦ ውስጥ የታሰረ ጋዝ ነው። ጋዙ ከክሩስኮቱ ጀርባ ባለው ኢቫፖሬተር ውስጥ ይተናል፤ በዚያ የሚያልፈው ነፋስ ይቀዘቅዛል። ከዚያ ሞተሩ አጠገብ ያለው ኮምፕሬሰር ጋዙን ስቦ ይጨምቀዋል፤ ጋዙ ይግላል። ከራዲያተሩ ፊት ያለው ኮንደንሰር ደግሞ ያን ሙቀት ለውጭ አየር ሰጥቶ ጋዙን ወደ ፈሳሽ ይመልሰዋል። ፈሳሹ ኤክስፓንሽን ቫልቭ በሚባል ጠባብ ቀዳዳ አልፎ እንደገና ይተናል። ዑደቱ ይኸው ነው።

ከዚህ አንድ ቁም ነገር ይወጣል፦ ጋዙ ነዳጅ አይደለም፤ ተቃጥሎ አያልቅም። ከጎደለ የሚወጣበት ቀዳዳ አለ ማለት ነው። በእርግጥ በአሮጌ መኪና ጎማ ቱቦውና ላስቲኩ በዓመታት ውስጥ ጥቂት ጥቂት ያስተነፍሳል። በስድስት ወር ሦስት ጊዜ «ጎደለ» ከተባለ ግን ወይ ቀዳዳው አልተፈለገም፣ ወይ ከነጭራሹ አልጎደለም። የእኔ አልጎደለም ነበር።

እንግዲህ ጥያቄው። ኤሲው በተወ ጊዜ ከፊት የተቀመጠው ሰው ወረቀት ይዞ ይጻፍ፤ ልጆች ይህን ሥራ በጣም ይወዱታል። መጀመሪያ የሚጻፈው ነፋሱ ራሱ ደከመ ወይስ እንደ ብርታቱ ሆኖ ሞቀ የሚለው ነው። ሁለቱ የተለያዩ በሽታዎች ናቸው።

ነፋሱ ቀስ በቀስ እየደከመ፣ ማራገቢያው ሲጮኽ እየተሰማ ከቀዳዳው የሚወጣው ትንፋሽ ብቻ ከሆነ፣ ኢቫፖሬተሩ በረዶ ሠርቷል። በአየር ውስጥ ያለው እርጥበት ቀዝቃዛው ብረት ላይ ጤዛ ሆኖ ይወርዳል፤ ብረቱ ከዜሮ ዲግሪ በታች ከወረደ ጤዛው ይረጋና ነፋሱን ይዘጋዋል። ይህ እንዳይሆን ኮምፕሬሰሩን በጊዜው የሚያቆም ትንሽ የሙቀት ሴንሰር አለ። እሱ ካረጀ ወይም ማጣሪያውና ኢቫፖሬተሩ በአቧራ ከታፈኑ በረዶው ይጋገራል። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ የኤሲውን ቁልፍ ብቻ አጥፍተው ማራገቢያውን በኃይል ለአሥር ወይም ለአሥራ አምስት ደቂቃ ቢተዉት ነፋሱ ይመለሳል፤ ከመኪናው ሥርም ውኃ በብዛት ይንጠባጠባል። (ኤሲ ሲሠራ ከሥር ንጹሕ ውኃ መንጠባጠቡ በራሱ ጤና ነው። አባቶች ራዲያተር ፈሰሰ ብለው ሲደነግጡ አይቻለሁ። የሚያስደነግጠው ውኃው ቀለም ያለው ከሆነ ነው። ከመኪናው ሥር መንጠባጠቡ ቀርቶ ከፊት የተቀመጠውን ሰው እግር የሚያረጥብ ከሆነ ደግሞ የመውረጃ ቱቦው ተደፍኗል።)

ነፋሱ እንዳለ ሆኖ የሚሞቅ ከሆነ ሁለተኛው ጥያቄ ይመጣል፦ መኪናዋ ቆማ ነው ወይስ እየሄደች? ይህችን ጥያቄ ለመፈተን እሑድ ሰንበቴ ላይ ማለፍ ይበቃል። የገበያው ቀን ነው፤ ግመሉ፣ አህያው፣ ባጃጁና የጭነት መኪናው ተደባልቆ መንገዱ በእርምጃ ይሆናል። እዚያ ሲሞቅ ቆይቶ ከገበያው ወጥተው ፍጥነት ሲጨምሩ የሚቀዘቅዝ ከሆነ ጥፋቱ የኮንደንሰሩ ማራገቢያ ነው። መኪና ሲሮጥ የመንገዱ ነፋስ ኮንደንሰሩን ያበርድለታል፤ ሲቆም ያ ሥራ የማራገቢያው ነው። ማራገቢያው ካልዞረ በቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት ወደ ላይ ይወጣል፤ ቱቦው እንዳይፈነዳ የተቀመጠው የግፊት ማብሪያ ማጥፊያም ኮምፕሬሰሩን ያቆመዋል። በብዙ ቶዮታዎች ላይ ይህ የሚሆነው ግፊቱ 450 ፒኤስአይ ገደማ ሲደርስ ነው። ለማረጋገጥ መካኒኮች የሚያደርጉት ቀላል ነገር አለ፦ ቆማ ሞቅ ባለች ጊዜ ከፊት በኩል ኮንደንሰሩ ላይ አንድ ሁለት ሊትር ውኃ ቀስ አድርጎ ማፍሰስ ነው። ቅዝቃዜው ወዲያው ከተመለሰ ወይ ማራገቢያው ነው፣ ወይ ኮንደንሰሩ በአቧራ፣ በነፍሳትና በገለባ ተደፍኗል። ማሾና ማሽላ በሚወቃበት ወቅት በይፋት ቆላ ያለፈ መኪና የኮንደንሰሩን ፊት ቢያዩት ይገረማሉ። በለስላሳ ውኃ ማጠብ ይበቃል፤ በኃይለኛ ግፊት ቢረጩት ስሶቹን ክንፎች ያጣምማቸዋል።

ሦስተኛው ጥያቄ ጆሮ ይፈልጋል። ኤሲ ሲበራ ከኮፈኑ ሥር «ጣ» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ኮምፕሬሰሩ ሥራ ሲጀምር ነው። ይህ «ጣ» በየጥቂት ሰከንዱ እየበራ እየጠፋ የሚሰማ ከሆነ ጋዙ በእውነት ጎድሏል ማለት ይቻላል። ግፊቱ ወደ ታች ሲወርድ፣ 28 ፒኤስአይ ገደማ ሲደርስ፣ ያው ማብሪያ ማጥፊያ ኮምፕሬሰሩን ያቆመዋል፤ ጋዙ ጥቂት ሲያገግም ያስነሣዋል፤ እንደገና ያቆመዋል። ይህን ካዩ «ጋዝ ሙላልኝ» ሳይሆን «የሚያፈስበትን ፈልግልኝ» ይበሉ። የሳሙና አረፋ አለ፣ በልዩ መብራት የሚታይ ቀለምም አለ። ቱቦው የተጋጠመበት ቦታ ላይ አቧራ የያዘ ቅባት ካዩ ደግሞ ዘይቱ ከጋዙ ጋር አብሮ እየወጣ ነውና ቀዳዳውን ራሱ ነግሮዎታል።

አራተኛው ሁኔታ አሳሳች ነው። ሃያ ሠላሳ ደቂቃ በደንብ ይቀዘቅዛል፣ ነፋሱ ሳይደክም ይሞቃል፣ ጥቂት አጥፍተውት ሲያበሩት ይመለሳል፤ ኮምፕሬሰሩም ሁልጊዜ እየዞረ ነው። ይህ ብዙ ጊዜ በቱቦው ውስጥ የገባ እርጥበት ነው። ጠብታዋ ኤክስፓንሽን ቫልቩ ላይ ስትደርስ በረዶ ሆና ጠባቡን ቀዳዳ ትደፍነዋለች። እርጥበት የሚገባው ቱቦው ተከፍቶ ሳለ አየሩ በፓምፕ በደንብ ሳይሳብ ጋዝ ሲሞላ ነው። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት መሳብ አለበት። እዚህ ላይ ለጋራዥ ሰዎችም የምትጠቅም ነገር ልጨምር፦ መጽሐፉ የመሳቢያው ሰዓት ወደ 30 ይወርዳል ይላል፤ ያ ለባሕር ዳርቻ አገር ነው። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል በሩብ ያህል ስለሚያንስ ጥሩ ፓምፕም ቢሆን ሰዓቱን ከ22 ብዙም አያሳልፈውም። ፓምፑ ደክሟል ብለው አይጣሉት።

የእኔ መኪና ከእነዚህ በአንዱም አልወደቀችም። ነፋሱ አይደክምም፣ በሩጫም በቆመችበትም ይሞቃል፣ «ጣ ጣ» የለም። ይህን ሁሉ በደብተር ጽፌ ነበር፤ ያነበበው የሸዋሮቢት ልጅ ነው።

ከዋናው አስፋልት ዳር በቆርቆሮ ጥላ ሥር የሚሠራ ሃያ አምስት ዓመት የማይሞላው ወጣት ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር፣ ኤሲው እንዳኮረፈ ደረስኩበት። ሞተር ላጠፋ ስል «ጋሼ፣ አያጥፉት! እንደታመመ ነው ማየት የምፈልገው» አለኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን ቃል የተናገረ አልነበረም።

ኮፈኑን ከፍቶ ኮምፕሬሰሩን አሳየኝ። ከፊቱ በቺንጋ የሚዞር ፑሊ አለ፤ ሞተሩ እስከተነሣ ድረስ ይህ ሁልጊዜ ይዞራል። ከፑሊው ፊት ደግሞ ትንሽ የብረት ሳህን አለ። ኤሲ ሲበራ ከውስጥ ያለው ማግኔት ሳህኑን ስቦ ከፑሊው ጋር ያጣብቀዋል፤ ኮምፕሬሰሩ የሚዞረው ያን ጊዜ ነው። የእኔ ፑሊ ይዞራል፣ ሳህኑ ቆሟል። ልጁ በሁለት ሽቦ የተሠራች አምፖል አምጥቶ ወደ ማግኔቱ በሚሄደው ሽቦ ላይ አኖራት፤ በራች። «ኤሌክትሪኩ ይደርሳል ጋሼ። ማግኔቱ ግን መሳብ አቅቶታል» አለኝ። ባትበራ ኖሮ መንገዱ ሌላ ይሆን ነበር፦ ፊውዝ፣ ሪሌ፣ የግፊት ማብሪያ ማጥፊያው፣ ወይም የላላ ማሳ። ሪሌ በተለይ ሲሞቅ የሚከዳ ዕቃ ነው፤ በብዙ መኪና ላይ ከጡሩምባው ሪሌ ጋር አንድ ዓይነት ከሆነ አለዋውጦ መሞከር ምንም አያስወጣም።

ከዚያ የመጥረጊያ እንጨት አንሥቶ ጫፉን የቆመው ሳህን ላይ ነካ ሲያደርገው «ጣ» አለና ዞረ። ከሁለት ደቂቃ በኋላ ቀዘቀዘ። (ይህን እናንተ አታድርጉት። ሞተር እየዞረ እጅ፣ ነጠላ፣ ያልተቆለፈ እጅጌ ወደ ቺንጋው ማስጠጋት ጣት ያስቆርጣል። ልጆችንም ከአካባቢው ማራቅ ነው።)

ሞተሩን አጥፍቶ በስስ የብረት ቅጠሎች በሳህኑና በፑሊው መካከል ያለውን ክፍተት ለካ። ለእንዲህ ዓይነቱ ኮምፕሬሰር ግማሽ ሚሊ ሜትር አካባቢ መሆን ነበረበት፤ የእኔ ወደ አንድ ሚሊ ሜትር ተጠግቷል። ሳህኑ በሃያ ምናምን ዓመት ውስጥ በየቀኑ እየተጣበቀ እየተላቀቀ ተፍቋል።

ለምን ታዲያ ደጋ ላይ ይሠራል? መልሱ ከማግኔቱ መዳብ ውስጥ ነው። ማግኔቱ የተጠቀለለ የመዳብ ሽቦ ነው፤ መዳብ ሲግል ኤሌክትሪክ በቀላሉ አያሳልፍም። በ20 ዲግሪ ላይ ያለ ሽቦ ወደ 100 ዲግሪ ቢግል ተቃውሞው በ30 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ የሚያልፍበት ኤሌክትሪክ በሩብ ያህል ይቀንሳል፣ የመሳብ ኃይሉም ከዚያ በላይ ይደክማል። ክፍተቱ ጠባብ ሲሆን የደከመ ማግኔትም ይበቃዋል። ሲሰፋ ግን ደብረ ብርሃን ላይ ትንሽ የተረፈችው ኃይል ጀውሃ ላይ አትገኝም። ሞተሩ ሥር ሙቀቱ ሲያይል ሳህኑ ይላቀቃል፣ ደብረ ሲና ዳገት ላይ ቀዝቃዛ አየር ሲመታው ተመልሶ ይያዛል። እናቴ «ደገኛ ነው» ያለችው በሳይንስም ትክክል ነበረች።

ጥገናው ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። ሳህኑን ፈትቶ ከሥሩ ካሉት ስስ ሮንዴላዎች አንዷን አውጥቶ መልሶ አሠረው። እንደገና ለካ፤ 0.4 ሚሊ ሜትር። ቺንጋው ነጻ ሆኖ እንደሚዞር፣ ሳህኑ ኤሲ ሳይበራ ፑሊውን እንደማይፍቅ አረጋገጠ፤ ክፍተቱ ከልክ በላይ ከጠበበ ደግሞ ሁልጊዜ እየተፋተገ ይቃጠላል። የከፈልኩት ለሦስት ጊዜ ጋዝ ካወጣሁት የአንዱን ሲሶ አልሞላም። ሮንዴላዋን መዳፌ ላይ አስቀምጦ «ይችን ነው የታመሙት» አለኝ። ከቤቴ ቁልፍ ጋር አሥሬያታለሁ።

ደብተሬን አይቶ የተናገረውን ሌላ ነገርም ልንገራችሁ። «የአዲስ አበባ መኪና ኤሲው ብዙ የሚበላሸው ስለሚሠራ ሳይሆን ስለማይሠራ ነው» አለ። ነገሩ እውነት ነው። ኮምፕሬሰሩን የሚያለሰልሰው ዘይት ከጋዙ ጋር አብሮ ይዞራል። ኤሲው ለወራት ካልበራ ዘይቱ ከታች ይረጋል፣ የኮምፕሬሰሩ ዘንግ ላይ ያለው ላስቲክ ይደርቃል፣ በዚያ ጋዙ ይሾልካል። ስለዚህ ደጋ ላይ ብትኖሩም በሳምንት አንድ ቀን ለአሥር ደቂቃ አብሩት። ክረምት ላይ ይህ ራሱን የቻለ ጥቅም አለው፤ ኤሲ እርጥበቱን ስለሚጠጣ የፊት መስታወቱ ጉም ቶሎ ይጠራል።

ከእኔም ያረጀ መኪና ያላቸው አንድ ነገር ይጠይቁ፦ የገባው ጋዝ የትኛው ነው? እ.ኤ.አ. እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ ድረስ በመኪና ውስጥ የሚሞላው አር-12 ነበር። የኦዞን ሽፋንን ስለሚጎዳ በ1987ቱ የሞንትሪያል ስምምነት እንዲቀር ተወሰነ፤ የመኪና ፋብሪካዎችም ወደ አር-134ኤ ተሻገሩ። ሁለቱ የሚስማማቸው ዘይት የተለያየ ነው። በአሮጌው ዘይት ላይ አዲሱን ጋዝ ብቻ የሞላ ሰው ካለ ኮምፕሬሰሩ በቂ ቅባት አያገኝም። ከኮፈኑ ሥር ያለው ተለጣፊ ጽሑፍ የጋዙን ዓይነትና ስንት ግራም እንደሚይዝ ይናገራል። መሙላት ካስፈለገ በዓይን ግምት ሳይሆን በሚዛን ይሁን፤ የበዛ ጋዝም እንደ ጎደለው ሁሉ ቆላ ላይ ያስቆማል። ሳይነሣ የሚለካ ግፊት ቢያሳዩዎትም ይጠንቀቁ፦ አር-134ኤ በ20 ዲግሪ ላይ 70፣ በ35 ዲግሪ ላይ ግን 115 ፒኤስአይ ገደማ ያሳያል። ሸዋሮቢት ላይ ቁጥሩ ከፍ ስላለ ጋዙ ሞልቷል ማለት አይደለም፤ አዲስ አበባ ላይ ስላነሰም ጎድሏል ማለት አይደለም።

በሽታ ያልሆነም አለ። ወደ ጣርማ በር ዳገቱን ስትወጡ የሙቀት መርፌው ከፍ ካለ አንዳንድ መኪኖች ሞተሩን ለማዳን ኤሲውን ራሳቸው ያቋርጡታል። እዚያ ላይ እናንተው አጥፉት፤ ነፋሱ በመስኮት ይበቃል።

እስኪጠገን ድረስ ግን ሽማግሌና ሕፃን ይዞ የሚጓዝ ሰው ጥንቃቄው ከመኪናው ይቀድማል። ከአጣዬ ወይም ከከሚሴ የሚነሣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ቢነሣ ፀሐይ ሳትበረታ ሸዋሮቢትን አልፎ ሽቅብ ይጀምራል። ዕድሜ ሲገፋ የጥም ስሜት ይደክማል፤ እናት «አልጠማኝም» ብትልም ውኃ ይሰጣት። ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ቆላ ከመውረዳቸው በፊት ሐኪማቸውን ቢያማክሩ መልካም ነው። ኢንሱሊን የያዘ ሰው ክሩስኮቱ ላይ ወይም ሻንጣ ማስቀመጫው ውስጥ አይተወው፤ የተከፈተው ከ30 ዲግሪ በላይ መቆየት የለበትም። አንድ ሰው ንግግሩ ከተሳሰረ፣ ግራ ከተጋባ፣ ቆዳው እጅግ ከጋለ ጥላ ፈልጎ ማቆም፣ በውኃ ማራስ፣ ማራገብና ወደ ቅርቡ ጤና ተቋም መሮጥ ነው፤ ራሱን ለሳተ ሰው ውኃ በአፉ አይሰጥም።

ደግሞም «አንድ ደቂቃ ሽንኩርት ልግዛ» ብላችሁ ሕፃን በተዘጋ መኪና ውስጥ አትተዉ። የቆመ መኪና ውስጡ በመጀመሪያው አሥር ደቂቃ ብቻ በ10 ዲግሪ ገደማ ይጨምራል፤ መስኮቱን ጥቂት መክፈት ብዙ አይለውጠውም። የሕፃን ሰውነት ደግሞ ከአዋቂ ሰው በብዙ እጥፍ ፈጥኖ ይግላል።

ባለፈው መጋቢት እናቴን ለማምጣት እንደገና ወረድን። ስንመለስ ሰንበቴን አለፍን፣ ጀውሃን አለፍን። ያቺ ዛፍ ጋ ስንደርስ መስታወቱን ቀና አድርጌ አየኋት፤ ነጠላዋን እስከ አገጯ ድረስ ስባ ተጠቅልላለች። «ምነው እማዬ?» ስላት፣ «ይኼን ነገርህን ቀንሰው፤ ጉልበቴን ቆረጠመኝ» አለች።